ፈጣን መኪና ማንሳት ለጀማሪ፦ ወይ ብዥ ይላል፣ ወይ የቆመ ይመስላል (አዳማ)

ቤቲ_አዳማ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ካሜራዬ ካኖን 600ዲ ነው። ሌንሶቼ አብሮት የመጣው 18-55 እና ማረጋጊያ የሌለው 75-300 ናቸው። ዓላማዬ የመኪና ውድድር ማንሳት ነው፤ ለጊዜው ግን እዚሁ አዳማ በባጃጅና በመኪና ላይ እየተለማመድኩ ነው።

አውቶ ላይ ሳደርገው መኪናው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ግን ሲያዩት መንገድ ዳር የቆመ ነው የሚመስለው። ሹተሩን (ካሜራው ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ በሰከንድ) ወደ 1/60 ሳወርደው ደግሞ ቀን ከሆነ ፎቶው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ወደ ማታ ከሆነ መኪናውም ከኋላው ያለውም አንድ ላይ ብዥ ይላል።

ሹተሩ ስንት ይሁን? ፎከሱን በምን ላድርገው? ከመንገዱ ምን ያህል ልራቅ? ሌንስ መቀየር አለብኝ ወይስ በዚሁ ይሆናል?

ቀስ_ያለ_ሹተር

ሰላም እህቴ። ሌንስ አትቀይሪ፤ ባለሽ ይሆናል። ገንዘብ የምታወጪበት ጊዜ ሲደርስ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

መኪናው ለምን የቆመ እንደሚመስል ከገባሽ ሹተሩን ራስሽ ትመርጪዋለሽ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 20 ሜትር ይጓዛል። የጎማው ዙሪያ ወደ 1.9 ሜትር ስለሆነ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። በ1/1000 ጎማው የሚዞረው 4 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ቸርኬው ላይ ያለው እያንዳንዱ ቀዳዳ ይቆጠራል። በ1/125 ወደ 30 ዲግሪ፣ በ1/60 ከ60 ዲግሪ በላይ ይዞራል፤ ያኔ ቸርኬው ክብ ጥላ ይሆናል፣ ዓይንም «ይሄ እየሄደ ነው» ይላል። የኋላውም እንዲሁ ነው። ካሜራውን ከመኪናው ጋር እኩል ካዞርሽው፣ ከኋላ ያለው ነገር የሚሳበው መኪናው ሹተሩ ተከፍቶ በቆየበት ቅጽበት የሄደውን ያህል ነው፤ በ1/125 16 ሳንቲም፣ በ1/60 33 ሳንቲም።

ስለዚህ የልምምዱ ሒሳብ ቀላል ነው። በሰዓት 72 ለሚሄድ መኪና 1/125 የሚሰጠውን ጭረት (ከኋላ ያለው ነገር ተስቦ የሚሠራውን መሥመር)፣ በ36 ለሚሄድ ባጃጅ 1/60 ይሰጥሻል፤ በ18 ለሚሮጥ ጋሪ ደግሞ 1/30። ባጃጅን በ1/60 ጥርት አድርጎ ማውጣት የቻለ እጅ የውድድር መኪናን በ1/125 አያቅተውም። ግን በ1/60 አትጀምሪ። መጀመሪያ 1/250፣ እጅሽ ሲለምድ 1/160፣ ከዚያ 1/125፣ ከዚያ 1/80። አንዱ ላይ ከአሥር ሦስት አራቱ ጥርት ብለው መውጣት ሳይጀምሩ ወደ ታች አትውረጂ።

ካሜራው ላይ፦ መደወያውን «ቲቪ» ላይ አድርጊ፤ ሹተሩን አንቺ ትመርጪያለሽ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እሱ ይፈልጋል። ፎከሱን «ኤአይ ሰርቮ» ላይ አድርጊ፤ «ዋን ሾት» ከሆነ አንዴ ይቆልፍና መኪናው ይሄዳል፣ ፎከሱ እዚያው ይቀራል። ከዘጠኙ የፎከስ ነጥቦች የመሀሉን ብቻ ምረጪ። 600ዲ ላይ መስቀለኛ የሆነው (ቁምም አግድምም መሥመር የሚይዘው) እሱ ብቻ ነው፤ የዳር ነጥቦቹ ለፈጣን ነገር ይዘገያሉ። ከቻልሽ በማስተካከያዎቹ ውስጥ ፎከሱን ከሹተሩ አላቂና ወደ ኮከብ ምልክቷ ቁልፍ አዙሪው፤ አውራ ጣትሽ ፎከስ ይይዛል፣ ሌባ ጣትሽ ፎቶ ያነሳል፣ አንዱ ሌላውን አይረብሽም።

አሁን ዋናው፣ ሰውነት። እግርሽን ፎቶው ወደሚነሳበት ቦታ አቅጣጫ አድርገሽ ትከይ፤ መኪናው ወደሚመጣበት አይደለም። ከዚያ ከወገብሽ በላይ ብቻ ዞረሽ መኪናውን ከሩቅ ተቀበዪው። ሲቀርብ ወገብሽ እየተፈታ ይመጣል፣ ፎቶው በሚነሳበት ቅጽበት ሰውነትሽ ቀጥ ብሎ ይገኛል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ መኪናው ሲመጣ ቀጥ ብሎ ይቆምና ሲያልፍ ይጠማዘዛል፣ ልክ ማንሳት ባለበት ሰዓት ወገቡ ይጨርሳል። ክርንሽን ጎንሽ ላይ ለጥፊ፣ ግራ እጅሽ ከሌንሱ ሥር ይሁን። ሹተሩን ከተጫንሽ በኋላም መዞርሽን አታቁሚ፤ መኪናው ካለፈ በኋላ ጥቂት ተከተዪው። ስትጫኚ የምትቆሚ ከሆነ ብዥታው የሚመጣው ከዚያው ነው።

በቀኝ ስለምንነዳ ለአንቺ የሚቀርበው መሥመር ላይ ያለው ሁሉ ከግራሽ ወደ ቀኝሽ ነው የሚያልፈው። እሱን ብቻ አንሺ፤ የማዶውን ካነሳሽ ቅርቡ እየመጣ ይጋርድሻል።

ርቀት፦ የአንቺ ካሜራ በፍሬሙ የሚይዘው ስፋት ሲሰላ፣ ርቀቱን በ22 አባዢና ለሌንሱ ሚሊ ሜትር አካፍዪ። ከ30 ሜትር፣ ሌንሱ 100 ላይ ሆኖ፣ 6.6 ሜትር ይመጣል፤ 4.2 ሜትር ርዝመት ያለው መኪና ከፊቱም ከኋላውም ቦታ ይተርፈዋል። ለባጃጅ ከ20 ሜትር ይበቃል። ጀማሪ ሁሉ መኪናውን ፍሬም ሙሉ ሊያደርግ ይታገልና ኮፈኑን ወይ ጅራቱን ይቆርጣል። ሰፋ አድርገሽ አንሺ፣ 18 ሜጋፒክስል አለሽ፣ ቤት ገብተሽ ትቆርጪዋለሽ።

75-300ው ማረጋጊያ ስለሌለው ከ135 በላይ አትውጪ። ወደ ጎን ያለውን መንቀጥቀጥ መዞሩ ይደብቀዋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ግን በ300 ላይ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይታያል።

ናዝሬት_ሌንስ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን መኪናው በጎን ሲያልፍ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ወደ አንቺ ሲመጣ ካሜራውን የምታዞሪበት ነገር ስለሌለ ዝቅ ያለ ሹተር ምንም ጭረት አይሰጥሽም፤ ብዥታ ብቻ ነው የምታተርፊው። ለእሱ 1/800 ወይም 1/1000። ቸርኬው ከፊት ስለማይታይ የቆመ አይመስልም፤ ፍጥነቱን የሚናገረው ከጎማው ሥር የሚረጨው ጠጠርና አቧራ፣ የታጠፈው የፊት ጎማ፣ አንድ ወገን የወረደው ፓራውልት ነው። ከጉብታ ላይ ሲዘል ከሆነም 1/1000። ጥምዝ ላይ ጭራውን እያንሸራተተ ሲወጣ 1/250 መካከለኛ ነው፤ መኪናው በአንድ ጊዜ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ስለሚሄድ ከዚያ በታች ጥርት ያለ ነገር ማግኘት ከባድ ነው።

600ዲ በሰከንድ የሚያነሳው 3.7 ፍሬም ነው። በ72 የሚሄድ መኪና በሁለት ፍሬም መካከል ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ከራሱ ርዝመት በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉን ይዞ «አንዱ ይወጣልኛል» ማለት እዚህ ካሜራ ላይ አይሠራም። የመጀመሪያዋን ፍሬም አስበሽ ተኩሺ፤ የቀሩት ተጨማሪ ናቸው።

የብርሃን_ነገር

ስለ ነጩ ፎቶ ልመልስ። አይኤስኦሽ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 ወይም 800 ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ በመጀመሪያ 100 ላይ አውርጂው። በደረቅ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100፣ 1/60 ላይ ትክክለኛው አፐርቸር ኤፍ 22 አካባቢ ነው (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)። አይኤስኦው 800 ከሆነ ብርሃኑ ሦስት እርከን ይበልጣል (አንድ እርከን ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)፤ ሌንሱ ያን ያህል ስለማይዘጋ ፎቶው ይቃጠላል። ካሜራሽም ይነግርሻል፤ በቲቪ ላይ ሆነሽ የአፐርቸሩ ቁጥር ብልጭ ድርግም ካለ «ከዚህ በላይ መዝጋት አልችልም» ማለቱ ነው።

ኤፍ 22 ላይ ሁለት ጣጣ አለ። ሌንሱ ሲጠብ ሁሉ ነገር ይለሰልሳል። ደግሞም ሴንሰሩ ላይ ያለች አቧራ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች፤ በአዳማ አቧራ ደግሞ ሴንሰሩ ንጹሕ የሆነ ካሜራ ብርቅ ነው። መፍትሔው ኤንዲ 8 የሚባለው ጠቆር ያለ ማጣሪያ ነው። ሦስት እርከን ብርሃን ይቀንሳል፤ 1/60 ላይ ከኤፍ 22 ወደ ኤፍ 8 ያመጣሻል። ስትገዢ በሌንሱ ፊት ላይ የተጻፈውን የክብ መለኪያ እዪ፤ የ75-300ው 58 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ18-55ቱም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው፣ አንድ ማጣሪያ ለሁለቱ ይሆናል።

ማጣሪያ እስክታገኚ ሰዓት ምረጪ። ጠዋት ከ12፡30 እስከ 3፡00፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10፡30 በኋላ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ስለሆነ የመኪናው ጎን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ጎማው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ከዚያ ሌላ አስፋልቱ ሲግል ከላዩ የሚንቀለቀለው አየር አለ። በረጅም ሌንስ ከሩቅ ካነሳሽ መኪናው ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ፎከሱ ልክ ሆኖ እንኳ አይጠራም፣ በኮምፒውተርም አይስተካከልም። ያኔ መቅረብ ወይም ወደ ቤት መሄድ ነው።

ቦታ፦ ከኋላ የምትመርጪው ነገር ጭረቱን ይወስነዋል። ባዶ ሰማይ ወይም አንድ ቀለም ያለው ረጅም ግንብ ስንት ብታዞሪ ጭረት አይወጣውም። ቀለም የበዛበት የሱቅ ረድፍ፣ ጃንጥላ፣ ዛፍና በመካከሉ ብርሃን ሲኖር ያምራል። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ የሸንኮራ አገዳው ቁመት ያለው ሰዓት ከሆነ አረንጓዴው ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይሰነጠራል፤ መኪናውን ጎልቶ እንዲወጣ ያደርገዋል። ፈጣን መንገዱ ላይ ግን አትሞክሪው፤ እዚያ መቆምም በእግር መግባትም ክልክል ነው።

ነጭ መኪና ፍሬሙን ከሞላ ካሜራው ያጨልመዋል፤ ሁለት ሦስተኛ እርከን ጨምሪ። ጥቁር ከሆነ ቀንሺ።

ቤቲ_አዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አይኤስኦው እውነትም 800 ላይ ነበር። በ1/160 እና በ1/125 አነሳሁ። አሁን ችግሩ ዓይነት ዓይነት ሆነ። አንዳንዱ ላይ የባጃጁ ፊት ጥርት ብሎ ኋላው ይበላሻል። አንዳንዱ ላይ ባጃጁ ጎን የተጻፈው ወደ ታች የተደረበ ይመስላል። አንዳንዱ ደግሞ ከኋላ ያለው ጭረት በጣም ያምራል፣ ባጃጁ ግን እንዳለ ለስላሳ ነው። የትኛው የምን ስሕተት ነው?

ቀስ_ያለ_ሹተር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዥታ አቅጣጫ አለው፣ አቅጣጫውን ካነበብሽ ምክንያቱን ታገኚዋለሽ። ፎቶውን ሙሉ በሙሉ አጉይተሽ በጎኑ ያለውን ጽሑፍ ወይም የበሩን ጠርዝ እዪ። ውድድር ላይም በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ነው የምታዪው።

ጽሑፉ ወደ ጎን ከተሳበ ፍጥነትሽ ከባጃጁ ጋር አልገጠመም። ከኋላ ያለው ጭረት አጭር ከሆነ ወደ ኋላ ቀርተሻል፤ ከወትሮው የረዘመ ከሆነ ቀድመሽዋል። አብዛኛው ጀማሪ ይቀራል፣ ምክንያቱም ዘግይቶ ነው መከተል የሚጀምረው። ከ50 ሜትር በፊት ያዢው።

ወደ ላይና ወደ ታች ከተደረበ፣ ሹተሩን ስትጫኚ ካሜራውን ደፍቀሽዋል። ማረጋገጫው ከኋላ ያለው ጭረት ነው፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሞገድ ወይም መንጠቆ የሠራ ይሆናል። ጣትሽን ቁልፉ ላይ አስቀምጠሽ በለስላሳው ግፊ፣ አትምቺው። ጭረቱ ቀጥ ብሎ ባጃጁ ብቻ ከተደረበ ግን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ባጃጁ ራሱ እየዘለለ ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚሄድ ባጃጅ በ1/60 በፍጹም አይጠራም። ልምምድሽን ለስላሳ አስፋልት ላይ አድርጊ።

ፊቱ ጠርቶ ኋላው የተበላሸው በጣም ስለቀረብሽ ወይም ቀድመሽ ስለተኮስሽ ነው። መኪናው ሰያፍ ሆኖ ሲመጣ ቅርቡ ጫፍና ሩቁ ጫፍ በዓይንሽ ፊት እኩል ፍጥነት የላቸውም፤ አንዱን ስትከተዪ ሌላው ያመልጣል። ጎኑ ልክ ወደ አንቺ ሲዞር ተኩሺ፤ ካልሆነ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ሂጂና ሌንሱን አስረዝሚው። ውድድር ላይ ምርጡ ቦታ የጥምዙ የውስጥ ወገን ነው፤ መኪናው እየዞረሽ ስለሚሄድ ርቀቱ ብዙም አይለወጥም፣ ፎከሱም መዞሩም ይቀልሻል።

ጭረቱ አምሮ መኪናው እንዳለ ለስላሳ የሆነው የፎከስ ነው። ከኋላ ያሉት ጭረቶች ቀጭንና ስል ከሆኑ ፎከሱ ወደ ኋላ አምልጦ ግንቡን ይዟል። የመሀል ነጥቡን የባጃጁ አካል ላይ አድርጊው፤ ክፍት በሆነው ጎኑ ላይ ካረፈ በውስጡ አልፎ ማዶውን ይይዛል። የ75-300ው ሞተር ዘገምተኛ ስለሆነ ሌላም ዘዴ አለ፦ መኪናው የሚያልፍበት ቦታ ላይ አስፋልቱ ላይ ምልክት ፈልጊ፣ እዚያ ላይ ፎከስ ያዢ፣ ከዚያ ሌንሱን ወደ «ኤምኤፍ» (በእጅ ፎከስ) ገልብጪው። ውድድር ላይ ሁሉም በአንድ መሥመር ስለሚያልፉ ከሰርቮ ይልቅ ይሄ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ስልክ_ብቻ

ካሜራ የሌለን ሰዎችስ? በስልክ ፕሮ ሞድ 1/60 አደርገዋለሁ፣ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል።

የብርሃን_ነገር

ወንድሜ፣ የስልክ አፐርቸር አይዘጋም። ኤፍ 1.8 ላይ፣ አይኤስኦ 50 አድርገህ እንኳ፣ በደረቅ ፀሐይ ትክክለኛው ሹተር 1/4000 አካባቢ ነው። 1/60 ለማድረግ ስድስት እርከን መቀነስ አለብህ፤ ኤንዲ 64 ማለት ነው። የፀሐይ መነጽር ከፊቱ ማድረግ ሦስት እርከን ያህል ቢቀንስ ነው፤ አይበቃም። ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ሞክር። ኤችዲአርንና ናይት ሞድን አጥፋ፤ ብዙ ፎቶ ስለሚያጣብቁ መኪናው ሁለት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ዙሙን አትንካ፣ ቀረብ በል፤ መንገዱ ላይ ጣትህን ተጭነህ ፎከሱን ቆልፍ። ስልክ ምስሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በተራ ስለሚያነበው ቶሎ ስታዞረው የቆመ ነገር ሁሉ ያጋድላል፤ ከኋላ የመብራት ምሰሶ የሌለበት ቦታ ምረጥ።

ሐይቅ_ዳር_ሐዋሳ

ከሐዋሳ ነኝ። ቤቲ ወደ ውድድሩ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነገር ልጨምር፤ አንዱ ለካሜራሽ፣ አንዱ ለራስሽ።

በጥርጊያ መንገድ የሚደረግ ውድድር ከሆነ አቧራው ቀልድ አይደለም። የሳፋሪ ራሊ በ2013 ዓ.ም ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ የሄደው ኬንያ ናይቫሻ ነው፤ እሱም እንደ አዳማና እንደ ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ አፈሩም ያው ዱቄት ነው። ነጂዎቹ ፌሽ ፌሽ ይሉታል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በእጅሽ አፈር በትነሽ እዪና ከጀርባሽ እንዲሆን አድርገሽ ቁሚ፤ የአዳማ ነፋስ በበጋ ብርቱ ነው፣ ካልተጠነቀቅሽ ሁለተኛው መኪና ሲመጣ የምታዪው ደመና ብቻ ነው። ሰርቮም አቧራው ላይ ይጣበቃል። ሜዳ ላይ ሌንስ አትቀይሪ፤ 75-300ውን ቤት ገጥመሽ ሂጂ። ካሜራውን በፌስታል ሸፍነሽ ለሌንሱ ጫፍ ቀዳዳ አውጥተሽ በላስቲክ እሰሪው። የሌንሱን መስታወት በነጠላ ወይም በሸሚዝ አትጥረጊ፤ መጀመሪያ በእጅ መንፊያ ንፊ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ። አቧራው ደረቅ ሆኖ ሲታሸት መስታወቱን ይጭራል።

ለራስሽ፦ የጥምዝ የውጭ ወገን ላይ አትቁሚ። መኪና ከእጅ ሲወጣ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ውስጡም ቢሆን ከገመዱ በስተኋላ፣ ከተቻለ ከመንገዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ። ከመጀመሪያው መኪና በፊት ወዴት እንደምትሮጪ እዪ፤ ከኋላሽ ቦይ ወይም አጥር ካለ ቦታ ቀይሪ። ካሜራው ዓይንሽ ላይ ሲሆን ርቀት ይጠፋሻል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ዓይንሽን ክፍት ማድረግ ተለማመጂ። ያነሳሽውን ለማየት ብለሽ ጀርባሽን ለመንገዱ አትስጪ። ጆሮ ላይ ማዳመጫ አይደረግም። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ አደጋ አለ፣ ቀይ ሲሆን ውድድሩ ቆሟል፤ በሁለቱም አስተናጋጆቹ የሚሉሽን ስሚ።

ከተማ ውስጥ ስትለማመጂም በር ላይ ላሉ ጥበቃዎችና ለትራፊኩ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሌንሱን ወደ መንግሥት ግቢ አታዙሪ፤ ባጃጅ እያነሳሽ እንደሆነ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

ቤቲ_አዳማ

ተባረኩ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ትልቅ ፋይል) ላንሳ ወይስ በጄፔግ (በታመቀው)?

ናዝሬት_ሌንስ

ጄፔግ። 600ዲ በሮው ስድስት ፍሬም እንዳነሳ ይሞላና ይቆማል፤ ሜሞሪው ላይ ጽፎ እስኪጨርስ ቀጣዩ መኪና ያልፍሻል። በጄፔግ ከሠላሳ በላይ ይሄድልሻል። ሦስት ሦስት እየተኮስሽ ጣትሽን አንሺ፣ ካርዱም ክላስ 10 ይሁን። በሮው ማንሳት የሚሻልሽ ብርሃኑ ሲያስቸግር ነው፤ ለምሳሌ አመሻሽ ላይ ፀሐዩ ከአቧራው ኋላ ሲሆን። ያኔ ደግሞ አንድ አንድ ነው የምታነሺው።